የካውኮ እጅ እስኪነሳ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለኦይቫ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ያ የአውስትራሊያ ማዕድን ጉድጓድ ሙቀት አሁንም ራስህን ያዞርሃል ወይስ ለመድከው? ሎሬይን እንዴት ናት? ልጃችሁ ታራስ? ጥርሷ ላይ የታሰረላት ሽቦ ወለቀላት ወይስ ገና ነው? የላካችሁልንን ፎቶዋን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ትገላምጠኛለች፤ ግልምጫዋ ቁርጥ የእናታችን ነው። ናፍቆቴን እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ብዬ አልጽፍልህም፤ ካወቅከኝ ታውቀዋለህ።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ እያጉረመረመም ቢሆን ይወጣል። አማችህ ካውኮ ደህና ነው እንዳልልህ ደህና አይደለም፤ ታሟል እንዳልልህ ደግሞ ቆሞ ይሄዳል። የምጽፍልህም ስለሱ ነው። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ሐይቁ ገና በረዶ አልሆነም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ዳር ዳሩን ስስ በረዶ ይይዘዋል። ዘንድሮ እንጉዳይ እንደ ጉድ ነበር። እኔና ካውኮ ከአባታችን ጎጆ ኋላ ካለው ጫካ ለቅመን ለቅመን ማስቀመጫ አጣን። ለምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት አዲስ ድስት መጥቶልናል፤ ሾርባው ሲደርስ ራሱ ይጮኻል። እኔም እሱም አንድ ላይ ስንጮህ ልጆቹ ማናችንን እንደሚሰሙ ግራ ገብቷቸዋል። ከበላያችን ያሉት ወይዘሮ ሂቮነን ዘጠናን አልፈዋል። ዛሬም ጫጫታ ሲበዛባቸው የማሞቂያውን ቧንቧ በማንኪያ ይቀጠቅጣሉ፤ ጆሯቸው ከኔ ይሻላል።

ባለፈው ስትደውል "ሁሉ ሰላም ነው" ብዬህ ስልኩን ዘጋሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፣ ካውኮም ሳሎን ነው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለሱ ይወራል እንዴ? ስለዚህ ዛሬ በሩን ዘጋ አድርጌ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ።

መቼም ከዚህ ወለል በታች ያለውን የቦምብ መጠለያ አልረሳኸውም። ጦርነት የመጣ ቀን የሕንጻው ሰው ሁሉ ይግባበት ተብሎ የተሠራ ነው። ጦርነቱ አልመጣም፤ እናንተ ግን ጊታርና ድራም ይዛችሁ ገባችሁና ራሳችሁ ጀመራችሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህ ቤት ብርጭቆ ቁጭ ካልኩበት ቦታ ላይ አድሮ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጣት ታህል ፈቀቅ ብሎ ነው የማገኘው። እኔ እንደምታውቀው ይሄን ሜታል የምትሉትን ሙዚቃ አልወደውም። አልወደውም ብዬ ለካውኮም ለአንተም ስነግራችሁ ኖሬያለሁ። ታፒዮ ሲዘፍን ሆዱን ቁርጠት የያዘው ነው የሚመስለኝ። ባንዳችሁን "ውርጭ" ያላችሁት ቀን አባታችን "ውርጭስ ሰብሉን ነበር የሚያጠፋው፣ እናንተ ደግሞ ሰላማችንን" ማለቱ ትዝ ይልሃል?

የካውኮ ድራም ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄን በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን በእጄ ልጻፈው።

ካውኮ በአፉ የሚናገር ሰው አይደለም። ሠርጋችን ላይ ቄሱ "ሳይሚን ሚስትህ ትሆን ዘንድ ትፈቅዳለህ ወይ?" ብለው ሲጠይቁት ምን ያህል ዝም እንዳለ አንተም አይተሃል። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ እናታችን እጄን ጨምቃ ይዛ "ልጁ ሐሳቡን ቀየረ" አለችኝ። እኔ ግን አልፈራሁም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሲመታ ሰምቼው ነበራ! "አዎ" አለ በመጨረሻ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወንበሩ ድረስ ተነፈሰ።

ድራሙ ላይም እንደዚያው ነው። ሁላችሁም ትጋልባላችሁ፤ ጊታሩም ቤዙም የታፒዮም ጩኸት አንድ ላይ፣ የሱም ሁለት እግሮች ትልቁን ድራም ያርበደብዱታል። ድንገት ይተዋል። ጭጭ። እዚያ ጭጭታ ውስጥ የኔ ብርጭቆዎች መንቀጥቀጣቸውን ሲጨርሱ ይሰማኛል። ከዚያ፣ ሰው "ረሳው እንዴ?" ሊል አፉን ሲከፍት፣ አንዲቷን ምት ያወርዳታል። ሊያስነጥስ አፉን ከፍቶ እንደቀረ ሰው ያስጨንቅሃል፤ ሲያወርዳት ያንተ ይወጣልሃል።

ሰው ሜታል ሲሉት ድብደባ ብቻ ይመስለዋል። ካውኮ መምቻ እንጨቱን አስተኝቶ የትንሿን ድራም ጠርዝ ሲነካካ፣ የነሐሱን ሳህን እምብርቱ ላይ ጫፍ ጫፉን ሲያንኳኳ፣ እኔ እዚህ ላይ ድንች መላጤን አቆማለሁ። ቀኑ እንዴት እንደዋለ የምሰማው እዚያ ነው። መንገድ ላይ በረዶ ሲጠርግ ውሎ አንዱ መኪናውን መሃል መንገድ አቁሞበት እንደሆነ በግራ እጁ አውቃለሁ። ደስ ብሎት እንደሆነ እግሩ ይነግረኛል። ሲመጣ ብጠይቀው "ምንም" ነው የሚለኝ፤ እኔ ግን ነገሩን ቀደም ብዬ በወለሉ በኩል ጨርሼዋለሁ።

እናቱ የሞተች ሰሞን አንተ እዚህ አልነበርክም። ቀብሩ ላይ እንባ አላወጣም፣ ቃል አልተነፈሰም፤ ሰዎቹ ሲበሉ ሳህን ሲያነሳሳ ዋለ። በነጋታው ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወረደ። ትልቁን ድራም ብቻ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ አንዳንዴም የነሐሷን ሳህን እያስተነፈሳት። ልብ ሲደክም እንደሚያደርገው አንዱን ምት ከቦታው ያዘገየዋል፤ መጣ ስትል ይቀራል፣ ቀረ ስትል ይመጣል። ያን ዕለት እኔ እዚህ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለእናቱም ለእሱም። ወይዘሮ ሂቮነን ቧንቧውን አልቀጠቀጡም። በማግስቱ ጥቁር ዳቦ ጋግረው በር ላይ ሰጡኝና "ትናንት ተሰምቷል" ብለው ተመለሱ።

እኛም ሌላ ቃል ኖሮን አያውቅም፤ የእሳቸውም የኛም ቃል ያው ነው። ካውኮ ከታች ይወጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ "ተሰማ?" ይለኛል። "ተሰማ" እለዋለሁ። ከዚያ እንበላለን። ሠላሳ ዓመት! አንተ ልጅ ሆነህ የመጀመሪያውን ጀልባህን ስትሠራ አባታችን ዞር ዞር ብሎ አይቶት "አይሰምጥም" ብሎህ ሲሄድ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከደስታህ ብዛት እንቅልፍ አልነበረህም። ከዚያ የበለጠ ሙገሳ በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም፤ በጎረቤትም እንደዚያው ነው። ሰው ፊት ለፊት ካመሰገንከው ወይ ሊሞት ነው ወይ ገንዘብ ልትበደረው ነው።

ከጀርባው ግን ስንቱ ያወራለታል መሰለህ! ቤዝ የሚጫወተው ኤስኮ ባለፈው ዓመት የሳውናውን እንፋሎት ጨርሰን በረንዳው ላይ ስንቀዘቅዝ፣ ካውኮ እንጨት ሊያመጣ ሲሄድ ጠብቆ፣ "ከሱ ጋር ኖሬ ከሌላ ሰው ጋር ስጫወት፣ ደረጃው ያለቀ መስሎህ ረግጠህ ገና አንድ ቀርቶ እንደምትንገዳገደው ነው የምሆነው" አለኝ። ለራሱ ነግረኸው ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው "አበድሽ እንዴ፣ ሳይሚ?" አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነት ነው። ካውኮ እንጨቱን ታቅፎ ሲመጣ ሁለታችንም ስለ አየሩ ማውራት ጀመርን።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ካቻምና ክረምት ላይ ከታች አንድ ነገር መቅረት ጀመረ። በትልልቆቹ ምቶች መሃል በቀኝ እጁ የሚበትናቸው ጥቃቅኖቹ፣ ሩዝ ወለል ላይ እንደፈሰሰ የሚሰሙት፣ እነሱ ቀሩ። ሐኪም ከማወቁ በፊት እኔ አወቅኩ። እሱም ያውቃል፤ እኔ እንደማውቅ ግን አላወቀም። እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት አመጣ። እንጉዳይ በግራው ይለቅማል። ሾርባ ሳቀርብ ሳህኑን ወደ ራሱ ስቦ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፤ ማንኪያው ብዙ መንገድ እንዳይሄድ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ሁለት የታመቀ ሆድ በአንድ ጠረጴዛ!

በመጨረሻ ዮኤንሱ ድረስ ሄደን ሐኪሙ አየው። እጅ የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ነው፤ ይዘገያል እንጂ አይመለስም። ክኒን ሰጡት። የበረዶ መጥረጊያውን መኪና ቁልፍ ለመሥሪያ ቤቱ አስረክቦ ሲመጣ "ደህና" ብቻ አለኝ። ያን ዕለት ታች አልወረደም።

ለባንዱ ሌላ ድራመር ያገኘላቸው ራሱ ነው። ቬንላ ትባላለች፤ የዮኤንሱ ልጅ ናት፣ ቀን አምቡላንስ ትነዳለች። እንደ ሰዓት ናት። እግሯ ሲሮጥ የኔ ብርጭቆ ሳይሆን ቁምሳጥኑ ነው የሚሄደው። ካውኮ ሰምቷት "አትሳሳትም" አለ፤ እኔም ዕድሜ ልኬን የናፈቅኩትን ሙገሳ ለሰው ሲሰጥ ሰማሁና ቀናሁ። ግን ልጅቷ ብልህ ናት። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ዳቦ እየቆረሰች "ካውኮ፣ ያቺን አንተ የምትዘገይባትን ቦታ ቆጥሬ ቆጥሬ አላገኘኋትም። በስንት ነው የምትገባው?" አለችው። "ጠብቂ" አላት። "ምን ያህል?" ስትለው ብዙ አሰበና "እስኪበቃ" አላት። ወደኔ ዞራ "ይሄ ሰውዬ አንቺን እንዴት ነው መጠበቅ ያስተማረሽ?" አለችኝ። ሳቅኩና ዳቦውን ገፋ አደረግኩላት።

ለኦገስት "ውርጭ" ሠላሳ ዓመት ሞላው ተብሎ ሐይቁ ዳር ያለው የዳንስ አዳራሽ ተያዘ። ሁሉን ዘፈን ቬንላ ልትመታ፣ አንዲቷን ካውኮ ሊመታ። የትኛዋን ብለው ሲጠይቁት የአንተን መረጠ፤ ቀስ ያለችዋን፣ መጨረሻዋ ላይ ሁሉም ነገር ቆሞ አንድ ምት ብቻ የምትቀረዋን። ታፒዮ ደወለልህ። "የሚቀጥለው በጋ" አልክ። እኔም ስደውል "ዘንድሮ አልተመቸኝም፣ ሳይሚ፤ ለከርሞ በርግጠኝነት" አልከኝ። ስለ እጁ አልነገርኩህም። አትንገሪው ብሎኝ ነበር፤ "በእጄ ምክንያት እንዲመጣ አልፈልግም፣ ከመጣ ለዘፈኑ ይምጣ" አለኝ። ምነው ቃሉን ባላከበርኩለት፣ ኦይቫ! ምነው ያኔውኑ በነገርኩህ!

ጊታሩ ላይ ያንተን ቦታ የያዘው ሳሙሊ የሚባል የሙዚቃ አስተማሪ ነው። ጨዋ ልጅ፣ ሰው ሲያይ የሚቀላ። አትፍረድበት፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በሐይቁ በኩል ያለው መዝጊያ ሁሉ ተከፍቷል። ቋሊማ የሚጠብሱት የእሳት አደጋ ፈቃደኞች ናቸው። በየሳምንቱ ታንጎ ሊጨፍሩ የሚመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጥቁር ካናቴራ ከለበሱት መሃል አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ወይዘሮ ሂቮነንን በተሽከርካሪ ወንበር አምጥቼ ከፊት አስቀመጥኳቸው፤ "ቧንቧው የታለ?" አሉኝ።

የካውኮ ተራ ሲደርስ ቬንላ ተነሳችለት፤ ወንበሩን ወደ ታች አወረደችለትና ከኋላው ቆመች። ትልቁን ሳህን ቀድሞ ወደ ግራው አዛውሮታል፤ ቀኝ እጁን ለመጨረሻዋ ምት ሊያስቀምጣት ነው። ቢጫዋን የጆሮ መድፈኛውን ጠቀጠቀ። ጀመሩ።

እንዴት ልንገርህ? ከበፊቱ ግማሹን እንኳ አልመታም። የተረፈችው ግን አንዷም ያለ ነገር አልወደቀችም። ሰው ብዙ ቃል ሲያጣ የቀረችውን እንዴት እንደሚመርጣት ታውቅ የለ? እንደዚያ ነበር። ጥቁር ካናቴራ የለበሱት ጎረምሶች ራሳቸውን መነቅነቅ ትተው ዝም ብለው ቆሙ። እኔ ወለል ሳይከልለኝ ሲመታ ያየሁት ከሠርጋችን ወዲህ ያን ቀን ነው፤ ፊቱን አየሁት። ታች ብቻውን ሆኖ እንደዚህ ነበር ማለት ነው? ከሰው ጋር የሚያወራ ፊት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልወረድኩም። የሱ ቦታ ነው፣ አልገባበትም ብዬ።

መጨረሻዋ ደረሰች። ሁሉም ቆመ። ጭጭ። ካውኮ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ ነው። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ እየጠበቀ ነው የሚመስለው፤ የኔ ዓይን ግን እጁ ላይ ነበር። አልተነሳችም። ሊያነሳት ፈለገ፣ አልታዘዝ አለችው። ሐይቁ ላይ የአንድ ጀልባ ሞተር ይሰማ ነበር። ኤስኮ ጣቱን ከቤዙ ላይ አንስቶ ዓይኑን ካውኮ ላይ ተክሏል። ቬንላ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ ይዛለች። እጁ ተንቀጠቀጠች፣ ጭኑን ለቀቀች፣ ወጣች፣ ትከሻው ጋ ደረሰች።

ሳሙሊ ገባ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ሲቆጥር ነበር፤ ቆጥሮ ጨረሰ፣ ቆጠራውም ልክ ነበር። የመዝጊያዋን ጊታር ለቀቃት፣ ታፒዮ አብሮ ጮኸ፣ ሰው በጭብጨባ ፈነዳ። የካውኮ እጅ የወረደችው ከዚያ በኋላ ነው። መታት። ስትወርድ በዓይኔ አየኋት፤ በጆሮዬ ግን አላገኘኋትም። ከጩኸቱ ስር ገብታ ቀረች።

አንተ ብትሆን ትጠብቀው ነበር። ይሄን የምለው ልወቅስህ አይደለም፤ ውሸቴን ነው፣ ትንሽ ልወቅስህም ነው። አንተ ቆጥረህ አታውቅም፤ ጊታርህን ታቅፈህ ትከሻውን ታይ ነበር። ከሕንጻው ስትወጡ እንኳ እሱ ካልረገጠ አንተ አትረግጥም ነበር።

ከመድረኩ ሲወርድ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። ዛሬ ልነግረው ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። መጣና "ተሰማ?" አለኝ። እኔም ተናገርኩት፣ ኦይቫ። ያለውን ሁሉ አወጣሁት። "ካውኮ፣ አንተ ስትመታ ነው እኔ ከሰው ጋር የኖርኩት። እናትህን የቀበርንበትን ሰሞን ሰምቼሃለሁ። ደስ ሲልህ ሰምቼሃለሁ። እንዳንተ የሚመታ ሰው የትም የለም" አልኩት። ሰው እያየኝ።

"እ?" አለኝ። ቢጫዋን መድፈኛ ከጆሮው አወጣ። "ምን አልሽ?"

እንደገና ማለት አቃተኝ። አንድ ጊዜ ነው እንዲህ ያለው ነገር ከሰው የሚወጣው፤ ደግሞም አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ቋሊማዋን ይዛ አፏን ከፍታ ታየኛለች። "ተሰማ ነው ያልኩህ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "የመጨረሻዋ አልተሰማችም" አለኝ። ከዚያ ወይዘሮ ሂቮነንን እየገፋ ወደ መኪናው ሄደ፤ እኔ ነዳሁ። ቤት ስንደርስ ወይዘሮዋ እጁን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ ታች አልወረደም። እዚህ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ባስቀመጥኩበት ይገኛል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ስመኝ የኖርኩ ሴት አሁን እንቅልፍ አጣሁ። ሳሙሊ አንድ ቀን ኬክ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ነገሩን ከቬንላ ሰምቶ ኖሯል። ቀልቶ ቀልቶ ሊሞት። ካውኮ ኬኩን ቆረሰለትና "ቆጠራህ ልክ ነበር" አለው። ከልቡ ነው ያለው። ልጁ ግን ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሞ አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁት።

አሁን የምለምንህ ይሄን ነው። የሚቀጥለው በጋ አትበለኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ፤ የካውኮ እጅ በጋ አትደርስም። ለገና ና። ጊታርህ የኔ ቁምሳጥን ውስጥ ናት፤ ልብስ አልደረብኩባትም። አዳራሽ አያስፈልግም፣ ሰው አያስፈልግም። ታች ውረዱና ያቺን ዘፈን ተጫወቷት። መጨረሻዋ ጋ ስትደርሱ አትቁጠር፤ ትከሻውን እይ። እጁ እስኪነሳ ጠብቀው። ሾርባው ይቀዝቅዝ፣ ወይዘሮ ሂቮነን ቧንቧውን ይቀጥቅጡ፣ አንተ ጠብቀው። አንዲቷን ምት ጥርት ባለ ቦታ ላይ ያሳርፋት። መምጣት ካልቻልክ ደግሞ በደብዳቤ ለኔ ብቻ ጻፍልኝ፤ ስለጻፍኩልህ አያውቅም፣ አልነግረውም።

ሎሬይንን ሳምልኝ። ቋንቋችንን ባትሰማም በኔ ስም አንድ ነገር በልልኝ፤ የፈለግከውን በል፣ ብቻ ጥሩ ይሁን። ታራን ግንባሯን ሳምልኝና አክስትሽ ሹራብ እየሠራችልሽ ነው በላት፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ያደርግላታል እንዳትለኝ፣ ጀምሬዋለሁ። ታፒዮም ኤስኮም ሰላም ብለውሃል። ኤስኮ ያቺን የዓሣ መረቡን መልስልኝ ብሏል፤ አውስትራሊያ ድረስ ይዘሃት እንደሄድክ ነው የሚያምነው። ቬንላ አታውቅህም፤ ግን "ያ ጊታር የሚጠብቀውን ሰው ባየሁት" ብላለች። ወይዘሮ ሂቮነን ሰላም ብለውሃል፤ ፀጉርህን ተቆረጥክ ወይ ብለው ጠይቀዋል። ካውኮ ስትደውል ሁልጊዜ የሚለውን ነው የሚልህ፦ እየኖርን ነው።

ደብዳቤውን ልዘጋው ስል ሳሎኑ ውስጥ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ፤ የውጭው በርም ተከፈተ። ጎረቤት ሊያይ የወጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ከታች ድምጽ ይሰማኛል። እየመታ አይደለም። የድራሙን ቆዳ ብሎኖች እያጠበቀ ነው፤ ያጠብቅና አንዴ ጠቅ ያደርጋታል፣ ያጠብቅና ጠቅ ያደርጋታል። ማንም አላለውም።

ጫማዬን አደረግሁ። ልወርድ ነው። ምን እንደምለው አላውቅም፤ ያን ሁሉ እንደገና መናገር ይቻለኝ እንደሆነ እንጃ። ጆሮው ክፍት ይሁን እንጂ፣ ከጠፋኝ ጠፋኝ፣ አባታችን ላንተ ያለውን እለዋለሁ። አይሰምጥም እለዋለሁ።

እህትህ ሳይሚ
ኑርሜስ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2011